‘የማላውቃቸው ሰዎች በወሬ እንቅልፍ ነሱኝ’

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከእንግሊዝ አገር ነው። ጸሐፊዋ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ጠባሴ ተወልዳ ያደገች። አሁን ሊድስ ከተማ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ደብዳቤው ረዘም ይላል። አሳጥሬ ላስነብባችሁ።

“እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ የባልና ሚስት ጠብ፣ የወንድማማች የርስት ክርክር ሲዳኙ አነባለሁ። የእኔ ጉዳይ ቀልድ ይመስልዎት ይሆናል። ለእኔ ግን ቀልድ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ አድሬ፣ ርክክብ ጨርሼ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አውቶቡስ ስሳፈር የምፈልገው ዓይኔን መክደን ብቻ ነው። አልቻልኩም። ሁልጊዜ አንድ ሰው አጠገቤ ይቀመጥና ወሬውን ይጀምራል።

አንዲት ሴትዮ የሐሞት ከረጢታቸው እንዴት እንደወጣ ከሀ እስከ ፐ ተረኩልኝ። ሲጨርሱ የተሰፋውን ቦታ በስልካቸው ፎቶ አሳዩኝ። ስማቸውን እንኳ አላውቅም ነበር! አንድ ሰውዬ ደግሞ ፌርማታው ላይ ከውሻው ጋር ይጠብቀኛል። የሚያናግረኝ በውሻው በኩል ነው። ‘ወዶሻል፤ ስምሽ ማነው እያለሽ ነው’ ይለኛል። እኔ ውሻ እፈራለሁ። ሌላው አገሬን ጠየቀኝ። ኢትዮጵያ ስለው ዓይኑ እንባ አቀረረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ለእናንተ ገንዘብ ልኬ ነበር አለኝ። እኔ ያኔ አልተወለድኩም። አመሰግናለሁ ልበለው? ደርሶናል ልበለው?

አንድ ቀን ደግሞ እኔም ልጫወት ብዬ አጠገቤ የነበረችውን ሴት ደሞዝሽ ስንት ነው፣ ለምን አልወለድሽም አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደች። የሷ ፌርማታ አልነበረም፤ ሁልጊዜ ከእኔ በኋላ ነው የምትወርደው።

እናቴ በስልክ ‘ያናገረሽን ሰው ዝም ማለት ነውር ነው’ ትለኛለች። የሥራ ጓደኞቼ ‘ጆሮሽ ላይ ማዳመጫ ሰክተሽ ተኚ’ ይሉኛል። የሐሞት ከረጢቷ ሴትዮ ቦርሳቸውን ወንበር ላይ አስቀምጠው ቦታ መያዝ ጀምረውልኛል። ባለፈው እረፍት ወጥቼ ስጠፋባቸው ‘የት ሄደሽ ነው?’ ብለው ተቆጡኝ። አሁን ቅዳሜ ቤቴ መጥተሽ ሻይ ጠጪ ብለውኛል። ምን ይሻለኛል?”

ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? እንቅልፍ ያጣ ሰው ላይ መሳቅ ደግ አይደለም። ግን ውሻው ጋ ስደርስ አልቻልኩም። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ‘ምን አገኘሽ?’ ብላ ጠየቀችኝና አነበብኩላት። ስምሽን አልነገርኳትም፤ አትስጊ። እሷ ወዲያው ፈረደች፤ ‘ሰው አገኘች እንጂ ምን ሆነች!’ አለች። እኔ እንደሷ አልቸኩልም። በወጣትነቴ እዚያው አገር ተማሪ ሆኜ ስለኖርኩ የአውቶቡሱን ነገር ትንሽ አውቀዋለሁ።

ከሰዓቱ እንነሳ። ሰዎቹ አንቺን መርጠው አያሳድዱሽም። ጉዱ ያለው የምትሳፈሪበት ሰዓት ላይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የጡረታ ዕድሜ የደረሰ ሰው አውቶቡስ በነጻ የሚሳፈርበት ካርድ አለው። ካርዱ በአብዛኛው ቦታ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚሠራው በእነሱ አቆጣጠር ከጠዋቱ 9፡30 በኋላ ነው። በእኛ ሦስት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት ያለው አውቶቡስ የሠራተኛና የተማሪ ነው፤ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ሰዓቱ ሲሞላ ግን የሰፈሩ ጡረተኛ ካርዱን ይዞ ከየቤቱ ብቅ ይላል። ሂሳብ አይከፍልም። የሚያስቸኩለው የለም። አንዳንዱ የሚሄድበትም የለው፤ መስኮት ዳር ተቀምጦ ከተማውን ዞሮ ይመለሳል። አንቺ ደግሞ ልክ በዚያች ደቂቃ ‘እሺ እማማ’ የሚል ፊትሽን ይዘሽ ትገቢያለሽ። ታዲያ ከአንቺ ጋር ያላወሩ ከማን ጋር ያውሩ?

ስለዚህ በጣም በደከመሽ ቀን መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፎቅ ውጪ። የእነሱ አውቶቡስ ብዙው ባለ ፎቅ ነው። ጉልበቱ የሚያመው፣ ምርኩዝ የያዘ፣ የገበያ ጋሪ የሚጎትት ሁሉ ከታች ነው የሚቀመጠው። ላይኛው ፎቅ ጸጥ ያለ ነው። ፌርማታሽ እንዳያልፍሽ ብቻ ስልክሽን አስጩኺው። ማዳመጫውን እርሺው። እዚያ ሰፈር ማዳመጫ ሰው አያስቆምም። ሴትዮዋ ትከሻሽን ነካ አድርገው ‘ምን እየሰማሽ ነው?’ ይሉሻል፤ ከዚያ ስለ ዘፈን ልታወሩ ነው።

አሁን ወደ ሐሞት ከረጢቱ። አንቺን የገረመሽ የማታውቂው ሰው ገበናውን መዘርገፉ ነው። ግን እስኪ የራሳችንን መንገድ አስቢው። ከላምበረት መናኸሪያ ተሳፍረሽ ወደ ደብረ ብርሃን ስትመጪ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሰንዳፋ ሳትደርሺ አጠገብሽ ያሉት እናት ከየት እንደመጣሽ፣ የማን ልጅ እንደሆንሽ ጠይቀው ጨርሰዋል። አለልቱ ላይ ዳቧቸውን ፈትተው ይቆርሱልሻል። ሸኖን ስታልፉ የልጃቸው ሚስት እንዴት እንዳስመረረቻቸው ይተርካሉ። ጫጫ ላይ ያለቅሳሉ። ደብረ ብርሃን ሲደርሱ ‘በይ ደህና ሁኚ፣ እግዜር ያክብርሽ’ ብለው ይወርዳሉ። ዳግመኛ አታዪያቸውም። ያንን የምራት ጉዳይ ለጎረቤት ቢናገሩት በማግሥቱ ሰፈር ያውቀዋል። ለአንቺ ግን ነግረውሽ ጫጫና ደብረ ብርሃን መካከል ጥለውት ወረዱ። የሊድሷም ሴትዮ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ በማግሥቱ ተመልሰው መምጣታቸው ነው።

ብቸኝነቱ እንዲያው የኔ ግምት እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝ መንግሥት የብቸኝነትን ጉዳይ የሚከታተል ሚኒስትር ሾሟል። ሚኒስትር! እኛ አገር የውኃና የመንገድ ሚኒስትር እንደሚሾመው። ሆላንድ ውስጥ ደግሞ ጁምቦ የሚባለው ሱፐርማርኬት በ2019 ከገንዘብ ተቀባይዋ ጋር ቀስ ብሎ መጫወት ለሚፈልግ ደንበኛ የተለየ መክፈያ ከፈተ። የቸኮለ በሌላው ይሰለፋል። ዕድርም ማኅበርም በሌለበት ከተማ ባል ሲሞት፣ ልጅ ርቆ ሲሄድ፣ አውቶቡስና ሱቅ ናቸው የሚቀሩት።

የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በባቡርና በአውቶቡስ ወደ ሥራ የሚሄዱ ሰዎችን ሞክረዋቸዋል። ለአንዳንዱ ‘ዛሬ አጠገብህ ካለው እንግዳ ሰው ጋር አውራ’ አሉት። ለሌላው ‘ዝም ብለህ ተቀመጥ’። ተሳፋሪዎቹ ሲገምቱ ያወራው የሚሰለች፣ ዝም ያለው የሚደሰት መስሏቸው ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። ያወሩት መንገዱ የተሻለ ደስ እንዳላቸው ተናገሩ። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። እርግጥ ከሌሊት ፈረቃ የወጣ ሰው ላይ የተሞከረ አይመስለኝም። ስለዚህ በዚህ ጥናት አልፈርድብሽም።

ደግሞም ሁሉም እንግሊዝ እንዲህ አይደለም። የአንቺ ዕጣ ሰሜን ሆኖ ነው። ለንደን ብትሆኚ በምድር ውስጥ ባቡር ስትሄጂ የሰው ዓይን እንኳ አያርፍብሽም። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ አሜሪካዊ ለንደኖች በባቡር ውስጥ እንዲያወሩ ብሎ ‘እናውራ?’ የሚል ባጅ አሠርቶ አደለ። ሕዝቡ ክፉኛ ደነገጠ። ወዲያው ‘እንዳታስበው’ የሚል ባጅ የሠሩም ወጡ። ጭውውቱ ሲያንገሸግሽሽ አንድ ቅዳሜ ለንደን ሄደሽ ተመለሺ፤ የሐሞት ከረጢቱ ይናፍቅሻል። በባቡር ከሄድሽ በረጅም መንገድ ባቡሮች ላይ የጸጥታ ፉርጎ የሚባል አለ። ቲኬት ስትቆርጪ እሱን ጠይቂ። ስልክ የሚያወራ፣ ሆድ ዕቃውን የሚያሳይ የለበትም።

ሊድስ ከሆንሽ ግን ወሬው አይቀርልሽም። እንግዲያው አንቺ የምትመሪው ወሬ ይሁን። እዚህ ላይ ከደብረ ብርሃን መምጣትሽ ትልቅ ሀብት ነው፤ አላወቅሽበትም። እነዚያ ሰዎች የሚጀምሩት ሁልጊዜ በአየር ጠባይ ነው። ዛሬ በረደ፣ ዛሬ ዘነበ። ኢትዮጵያ ስትያቸው ደግሞ በረሃ፣ አሸዋ፣ ግመል ነው የሚታያቸው። ‘ብርዱን እንዴት ቻልሽው?’ ብለው ያዝኑልሻል። ያኔ ነው መናገር። ከተማዬ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት በያቸው። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ባቄላው በአንድ ሌሊት ይከስላል በያቸው። እነሱ በሐምሌ እጅጌ ጉርድ ለብሰው ፀሐይ ሲሞቁ እኛ በረዶ እየቀጠቀጠን ጋቢ ላይ ጋቢ እንደምንደርብ ንገሪያቸው። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከተማችን ላይ የተተከለው በከንቱ አይደለም። አንዴ ይህን ካወራሽ በቃ፣ የሚያዝንልሽ የለም። እንዲያውም ካልሲ እንዴት እንደሚደረብ ይጠይቁሻል።

ብርድ ልብስ ካነሳን ደግሞ ሌላ በር አለልሽ። የመንዝ ሰው በግ አርብቶ፣ ጠጉሩን ፈትሎ ባና የሚያሠራ ሰው ነው። ሊድስም ለዘመናት የበለጸገችው በሱፍ ጨርቅ ነው። አርምሊ የሚባለው ሰፈር ያለው የድሮ ፋብሪካ በዘመኑ ከዓለም ትልቁ የሱፍ ፋብሪካ ነበር ይባላል። ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። እነዚያን አዛውንት ‘ከቤተሰብዎ የሱፍ ፋብሪካ የሠራ ሰው ነበር?’ ብለሽ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቂ። አክስት፣ አያት፣ የአያት እህት፣ የፋብሪካው ፉጨት፣ የእንፋሎቱ ሽታ፣ ሁሉም ይመጣል። አንቺ አልፎ አልፎ ራስሽን መነቅነቅ ብቻ ነው። ከዓይንሽ አንዱን መክደን ትችያለሽ።

የ1985ቱ ሰውዬ ነገር ግን ለብቻው ነው። እሱ ላይ ማፌዝ አይገባም፤ መለማመጥም አይገባም። ሰውዬው የሚያወራሽ ስለ 77ቱ ድርቅ ነው። ወሎንና ትግራይን የጨረሰ፣ የእኛንም ሰሜን ሸዋ የነካ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 ቢቢሲ ከኮረም ያስተላለፈውን ዜና ያየ የእነሱ ትውልድ አይረሳውም። በሐምሌ 1985 ደግሞ ለንደን ዌምብሌይና አሜሪካ ፊላደልፊያ ለተራቡት ገንዘብ ለማሰባሰብ ላይቭ ኤይድ የተባለው ትልቅ ኮንሰርት ተደረገ፤ ዓለም በቴሌቪዥን አየው። ሰውዬው ያኔ ወጣት ይሆናል። ከኪሱ አውጥቶ ሰጠ። ዘንድሮ አንድ ኢትዮጵያዊት ድንገት አውቶቡስ ላይ አገኘ። ልቡ ቢነካ አትፍረጂበት።

ታዲያ ምን ትያለሽ? ‘ደርሶናል’ አትበይ፤ የገንዘብ ሰነድ የያዝሽ አንቺ አይደለሽም። ‘እኛ አንለምንም’ ብለሽም አትቆጪ። ‘እኔ አልተወለድኩም ነበር፤ ወላጆቼ ግን ያንን ዘመን አይተዋል። የሰው ችግር ስለተሰማህ እግዜር ይስጥህ’ በይው። ያ በቂ ነው። ከዚያ ወሬውን ወደ ቤትሽ መልሺው። ‘የእናንተ ሰዎች የእኛን አገር የሚያውቁት ግን ከዚያ በፊት ነው’ በይው። እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የሚባል መኮንን ከቦምቤይ መንግሥት ተልኮ፣ በታጁራ አድርጎ፣ አንኮበር ድረስ መጥቷል። ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርሟል። መድፍና ጠመንጃ ገጸ በረከት ይዞ ነው የመጣው። አንኮበር ለደብረ ብርሃን ጎረቤት ናት፤ በመኪና ብዙም አይርቅም። ሰውዬው ያየውን ሁሉ ሲጠይቅ፣ የሰማውን ሁሉ ሲጽፍ ከርሞ፣ ሲመለስ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ። እንግዲህ አስቢው፤ እኛ ቤት ድረስ መጥተው በጥያቄ ያደከሙን እነሱ ናቸው መጀመሪያ። ይህን ስትነግሪው ሰውዬው ይስቃል። ከረሃብ ወጥታችሁ ወደ ታሪክ ገባችሁ ማለት ነው። በሚቀጥለው ቀን ካርታ ይዞ ቢመጣ ግን እኔን አትውቀሺ።

ስለ ደሞዝና ስለ ልጅ የጠየቅሻት ሴት… ወይ ልጄ! እዚህ ላይ ወሬው ተገለበጠብሽ እንጂ ባለጌ ሆነሽ አይደለም። እኛ ዘንድ ‘ልጅ ስንት አለሽ፣ ደሞዝሽ ይበቃሻል ወይ፣ ቤቱን በስንት ተከራየሽው’ ማለት ማሰብ ነው። በሽታችንን ግን እንደብቃለን። ሐኪም ቤት ስንሄድ ‘ትንሽ አሞኝ’ ብለን እናልፋለን። እነሱ ደግሞ ሆዳቸው የተቀደደበትን ቦታ በፎቶ ያሳዩሻል፤ የፈቱትን ባል በስም ይጠሩታል፤ ደሞዛቸውን ግን ለወንድማቸውም አይነግሩም። ልጅ ለምን አልወለድሽም ደግሞ ምን ቁስል እንዳለበት ስለማይታወቅ አይነካም። (እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህኛውን እኛም ብንተወው ደስ ይለኛል። ስንቷ ሴት ጠባሴ ገበያ ላይ በዚህ ጥያቄ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች።)

ሴትዮዋን ስታገኚያት ረጅም ይቅርታ ውስጥ አትግቢ። ይቅርታ ለማለት ስትዪ ደሞዟን ዳግመኛ ታነሺዋለሽ። ‘ዛሬስ ዝናቡ ጉድ ነው’ በያት። ‘አዎ ጉድ ነው’ ካለችሽ ታርቃችኋል። መጠየቅ ካማረሽ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ከተማው ድሮ እንዴት ነበር፣ ይህ ሱቅ በፊት ምን ነበር፣ ለእራት ምን ይሠራሉ፣ አበባው እንዴት በቀለልዎ። የአትክልት ቦታ ያለው ሰው ካገኘሽ ስለ ቀንድ አውጣ ጠይቂ። እኔን እመኚኝ፣ የቀንድ አውጣ ጥላቻቸው ማለቂያ የለውም።

ውሻውን በተመለከተ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እኛ አገር ውሻ ሲመጣብሽ ድንጋይ የምታነሺ መስለሽ ጎንበስ ካልሽ ይሸሻል። እዚያ ጎንበስ ካልሽ ፊትሽን ይልስሻል። የእነሱ ውሻ ድንጋይ አያውቅም፤ ጎንበስ ያለ ሰው ሁሉ ሊዳብሰው የመጣ ነው የሚመስለው። ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ እጅሽን ሰብስቢ፣ ለሰውዬው ‘ውሻ እፈራለሁ’ በይው። ገመዱን ወዲያው ያሳጥረዋል። አይቀየምሽም። ውሻውን ‘ሂድ ከዚህ!’ ካልሽው ግን የተቀየመው ሰውዬው ነው። በውሻው በኩል ማውራቱን አትጥዪበት፤ ዓይን አፋር ነው ማለት ነው። ደፋር ቢሆን በቀጥታ ስምሽን ይጠይቅሽ ነበር። መልስ መስጠት ካሰኘሽ አንቺም በውሻው በኩል መልሺ። ስምሽን ሳይሆን የውሻውን ዕድሜ ጠይቂ፤ ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ይውላል።

አሁን ትንሽ ቆጠብ ልበል። ሁሉም ለፍላፊ የዋህ አይደለም። ማውራት የፈለገ ሰው ስለራሱ ነው የሚያወራው። ስለ አንቺ ብቻ የሚጠይቅ ሰው ሲገጥምሽ ንቂ። የት ነው የምትኖሪው፣ ከማን ጋር ነው፣ ፈረቃሽ ስንት ሰዓት ያልቃል፣ ማታ ብቻሽን ነው የምትሄጂው። እንዲህ የሚልሽን ‘ባለቤቴ ፌርማታ ላይ ይጠብቀኛል’ በይው። ባል ባይኖርሽም። ይህን ውሸት እግዜር ይቅር ይላል። ተነስተሽ ሹፌሩ አጠገብ ተቀመጪ። ተከትሎሽ ከወረደ ሰው ያለበት ሱቅ ግቢና 999 ደውዪ። ሌላም አለ። ስለምትጦሪያቸው አረጋውያን አውቶቡስ ላይ ስም ጠርተሽ አታውሪ። የእከሌ ልጅ ኋላሽ ተቀምጣ ሊሆን ይችላል፤ ሥራሽን ያሳጣሻል። ይሄን በሥልጠና ነግረውሽ ይሆናል። እኔም ደገምኩት።

ወሬ መዝጋትንም ከእነሱው ተማሪ። እኛ ለመሰናበት አንድ ሰዓት ይፈጅብናል። በር ላይ ቆመን፣ ‘በይ ግቢ’፣ ‘አይ አንቺ ሂጂ’፣ ጫማ አድርገን እንደገና እንጀምራለን። የዚያ አገር ሰው ወሬው ሲበቃው ሁለት እጁን ጭኑ ላይ መታ ያደርግና ‘በሉ እንግዲህ’ ብሎ ይነሳል። አለቀ። ማንም አይቀየምም። አንቺም ከፌርማታሽ አንድ ፌርማታ ቀደም ብለሽ ጭንሽን መታ አድርጊ፣ ደወሉን ተጫኚ፣ ተነሺ። ማብራሪያ አያስፈልግም።

እናትሽን ደግሞ አትከራከሪያት። እሷ የምታውቀው ከቤቷ እስከ ገበያ ያለውን መንገድ ነው፤ እዚያ ያናገረሽን ሰው ዝም ካልሽ ማታ ወሬው ቤት ቀድሞሽ ይደርሳል። ‘እሺ እማዬ፣ አናግሬያቸዋለሁ’ በያት። ፎቅ ላይ ወጥተሽ መተኛትሽን ማን ይነግራታል? እኔ አልነግራትም።

የሐሞት ከረጢቷ ሴትዮ ግን የማያውቁሽ ሰው መሆናቸው ቀርቷል። ቦርሳ አስቀምጦ ቦታ የሚይዝ፣ ስትጠፊ የሚቆጣ ሰው እንግዳ አይባልም። ደብዳቤሽን ሁለተኛ ሳነበው ያስተዋልኩት ነገር አለ። ስለ ውሻው ስትጽፊ ተናደሻል፤ ስለ ደሞዟ ሴት ስትጽፊ አፍረሻል። ስለ እሳቸው ስትጽፊ ግን አልተናደድሽም። ፎቁ ላይ የምትወጪ ቀን ሲወጡ ሲገቡ እንዳይፈልጉሽ ‘ዛሬ ደክሞኛል፣ ላይ እተኛለሁ’ በያቸው። ይገባቸዋል። ምናልባት እሳቸውም በወጣትነታቸው ሌሊት ይሠሩ ነበር። ጠይቂያቸው።

ቅዳሜ ሻዩን ሄደሽ ጠጪ። ለጓደኛሽ የት እንደምትሄጂ አድራሻውን ላኪላትና ሂጂ። በተባለው ሰዓት ድረሺ፤ ቀድመሽም አትድረሺ፣ ዘግይተሽም አትድረሺ። ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ አበባ ወይም ኬክ ይበቃል። በርበሬና ድፎ ዳቦ ለሌላ ቀን ይቆይሽ፤ በመጀመሪያው ቀን ሚጥሚጣ የቀመሰ እንግሊዛዊ በሁለተኛው ቀን አይጠራሽም። ቡና ላፍላልዎ ብለሽ የምትጋብዣቸው ከሆነም አስቀድመሽ አስጠንቅቂያቸው። እሳቸው ቡና ሲባሉ ሩብ ሰዓት ነው የሚመስላቸው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስትይ ግማሽ ቀን ሊሄድ ይችላል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፤ ይህን ሳልነግርሽ ብቀር ቤታቸው ሄደሽ ተርበሽ ትመለሻለሽ። እኛ ዘንድ እንግዳ ‘ብይ’ ሲባል ‘አይ፣ በልቼ ነው የመጣሁት’ ይላል። ባለቤቷ ‘በሞቴ’ ትላለች። እንግዳው ‘እውነቴን ነው’ ይላል። ‘አፈር ስሆን’ ይባላል። በሦስተኛው ይበላል። እዚያ ሦስተኛ የሚባል ነገር የለም። ‘አይ፣ ይቅርብኝ’ ካልሽ ሴትዮዋ አምነውሽ ሳህኑን ያነሳሉ። ቅር እንኳ አይላቸውም። ስለዚህ ብስኩቱ ሲቀርብልሽ፣ ይሉኝታሽን ዋጥ አድርገሽ፣ በመጀመሪያው አንሺ። ሁለት አንሺ።